አሳየሽና የወሩ መጻሕፍት

ወር ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሶዶ ከተማ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለው ቤታቸው፣ አቶ ሐብተማርያም መጻሕፍታቸውን ከሣጥን እያወጡ አልጋው ላይ ይደረድሩ ነበር። ብርድ ልብሱ ቀድሞ ተወጥሮ መነጠፍ አለበት፤ በተጨማደደ ጨርቅ ላይ መጽሐፍ አያስቀምጡም። የራሳቸው የሆኑት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ከነጋዴው ከወልደመስቀል የተዋሷቸው፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ጋር የተለዋወጧቸው፣ አንዳንዶቹም ባለቤታቸው ማን እንደሆነ የተረሳ ናቸው። ድርደራው ሲያበቃ ወገባቸውን ይዘው ይቆሙና፣ በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያዩአቸዋል።

«አሳየሽ!» ብለው ይጣራሉ። «ነይማ፣ የሚመጣውን ወር እንወስን።»

ሚስታቸው አሳየሽ እጇን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ትገባለች። ያን ጊዜ ፊደል አትቆጥርም። እሳቸው ግን እሷን ሳያማክሩ ወር ገብቶባቸው አያውቅም። አንዱን መጽሐፍ አንስታ በእጇ እየመዘነች፣ «ይቺ ትከብዳለች፣ ለጾም ትሁን» ትላለች። «ይህ ቀዩ ደስ ይላል።» «ይሄኛው ሽታው አስጠላኝ፣ ይቅር።» አቶ ሐብተማርያም ይስቃሉ፤ ሆኖም ያለችውን ያደርጋሉ። አንድ አዲስ፣ አንድ ቀድሞ ተነቦ የናፈቀ፣ አንድ ደግሞ ካልጣመ የሚተው ይመረጣል። የተመረጡት ራስጌ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ወደ ሣጥናቸው ይመለሳሉ። አሳየሽ ወደ ጓሮዋ፣ ወደ እንሰቷ ትሄዳለች።

ሲገናኙም ነገሩ የተጀመረው በጽሕፈት ነው። አሳየሽ የዲምቱ በኩል ልጅ ናት። አባቷ በመሬት ክርክር ወደ ሶዶ ሲመላለሱ አማርኛ አይችሉምና፣ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ጥቂት የለመደችው አሳየሽ ታስተረጉምላቸው ነበር። ከመንዝ ተመድበው የመጡት ወጣቱ ጸሐፊ ሐብተማርያም ቃሉን ይጽፋሉ። አንድ ቀን አባቷ ቆመው እየተወራጩ ብዙ ተናገሩ። አሳየሽ፣ «መሬቱ የእኔ ነው ይላሉ» ብላ ዝም አለች።

«ይህ ሁሉ ንግግር ይህን ብቻ ነው?» አሉ ጸሐፊው።

«የቀረው ስድብ ነው፣ ጌታዬ። እሱም ይጻፍ?»

ጸሐፊው ብዕራቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዳኛው ተቆጧቸው። በዓመቱ ሽማግሌ ላኩ።

በቤታቸው ሁለት ቋንቋ ኖረ። አሳየሽ ከዘመድ ከጎረቤት ጋር በወላይትኛ፣ ከባሏ ጋር በአማርኛ ታወራለች። ሲቸኩላት ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ታደርጋለች። አቶ ሐብተማርያም መጀመሪያ ያርሟት ነበር። ኋላ ተዉት። ከዚያም አልፎ ተጋባባቸውና አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ሳያስቡት «ዳኛዋ ገባች እንዴ?» ብለው ጠይቀው፣ መሥሪያ ቤቱ ለሳምንት መሳቂያ አደረጋቸው። ቤት ገብተው ለአሳየሽ ሲነግሯት እሷ የሚያስቀው ምኑ እንደሆነ አልገባትም። «ገባች ወይስ አልገባችም?» አለቻቸው።

አንድ ልጅ ወለዱ፤ ሰገነት ተባለች። ሰገነት ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብ ስትጀምር የወሩ ምርጫ የሦስት ሰው ሆነ። በሆዷ አልጋው ላይ ትተኛና የሽፋኑን ጽሑፍ እየቆጠረች ታነባለች፤ አባቷ ጭንቅላቷን ይዳብሳሉ፤ እናቷ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ያ ክፉ ወባ መጣ። ሰገነት አያቶቿን ልትጠይቅ ዲምቱ ወርዳ ነበር። ስትመለስ እየተንቀጠቀጠች ነው። ሐኪም ያሉት ሁሉ ተደረገላት፤ አልሆነም። ከተቀበረች በኋላ ስሟ በዚያ ቤት አልተጠራም። እንዲህ እናድርግ ብለው የተስማሙበት ነገር አልነበረም። አንዳቸው ሌላውን ላለማስለቀስ ዝም አሉ፤ ዝምታውም እንደ ቤት ዕቃ ቦታ ይዞ ተቀመጠ። መጻሕፍቱም ከሣጥን ሳይወጡ ክረምትና በጋ አለፈ።

ሣጥኑን መልሳ ያስከፈተቻቸው አሳየሽ ናት። አንድ የወር መጨረሻ ብርድ ልብሱን ወጥራ አነጠፈችና በረንዳ ላይ ፈዘው ወደ ተቀመጡት ባሏ ሄዳ፣ «አንቱ፣ ወሩ ሊያልቅ እኮ ነው» አለቻቸው። አቶ ሐብተማርያም አይተዋት ተነሡ።

ዓመታት አለፉ። አቶ ሐብተማርያም ጡረታ ወጡ። አሁን እንደ ልባቸው ያነባሉ ሲባል ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ደጃፉ መጡ። በመጨረሻ ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው መጽሐፉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ለማንም አልተናገሩም። አሳየሽ ግን የገጽ መገለጥ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ እንደጠፋ ሰምታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ እንሰት ስትፍቅ ቀና ብላ አየቻቸው። መጽሐፉን ዘርግተው አንገታቸውን እየነቀነቁ ነው። ሽፋኑ ላይ የተሣለችው ፈረስ እግሯ ወደ ሰማይ ነበር።

አሳየሽ እንሰቷን ፍቃ ጨረሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ሚሲዮኑ ግቢ ሄደች።

እዚያ ቶማ የሚባል ወጣት መምህር ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሰዎችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ቃለ እግዚአብሔር በራሳቸው ዓይን ማየት የፈለጉ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ናቸው። ቶማ አሳየሽን የኦርቶዶክሶቹ ሰፈር ሰው እንደሆነች ያውቃታልና፣ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ሊያነቡ ነው?» አላት።

«እኔ? ባሌን ላነብለት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቶማ አልሳቀም። ከፊት ወንበር ቦታ ሰጣት።

ፊደል እንሰት ከመፋቅ ይልቅ ያደክማል። አሳየሽ በተለይ በሀ ነገር ተጣላች። «ለምንድነው ሦስት ሀ ያስፈለገው? አንዱ ቢታመም ነው?» ብላ ቶማን ጠየቀችው። ቶማም፣ «ይህንን እንኳ አቶ ሐብተማርያምን ይጠይቋቸው» አላት። እሷ ግን መጠየቅ አትችልም፤ ለባሏ የነገረቻቸው የታመመች ዘመድ እንደምትጠይቅ ነው።

ጎረቤታቸው እሜቴ የማርያምወርቅ ነገሩን አፈረጡት። ሃይማኖታቸውን አጥባቂ፣ እንዝርታቸው ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ፣ «ሚስትዎን ከሚሲዮን ግቢ ስትወጣ አየኋት፤ እንዳልነግርዎ ሆዴ እምቢ አለኝ» አሏቸው። አሳየሽ ስትመለስ አቶ ሐብተማርያም ፊታቸውን ወደ ኮቴዋ አዙረው ጠበቋት።

«የታመመችው ዘመድሽ እንዴት ዋለች?»

አሳየሽ የእሜቴ የማርያምወርቅን እንዝርት አየች፤ ገባት። «ሀሁ ልማር ነው የምሄደው» አለች። «ሌላ ነገር የለም።»

እሜቴ የማርያምወርቅ አማተቡ። አቶ ሐብተማርያም ግን አልተቆጡም። «ሀሁ ሃይማኖት የላትም፣ እሜቴ» አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው። ከዚያ ለሚስታቸው፣ «ለመሆኑ የት ደረስሽ?» አሏት።

«ገ ላይ።»

«እጅሽን አምጪ።»

መዳፏን ዘርግተው በሌባ ጣታቸው አንድ ፊደል ጻፉበት። አሳየሽ ኮረኮራትና እጇን አሸሸች፤ መልሰው ያዟት። «ምንድነው?» አሉ። «ቀ» አለች። «ተሳሳትሽ።» እንደገና ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶማ ያስተማራትን እሳቸው በመዳፏ ላይ ይጠይቋት ጀመር። የሦስቱንም ሀ ታሪክ አስረዷት፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አላመነችበትም።

ዓመት አልፎ፣ አንድ የወር መጨረሻ ላይ ብርድ ልብሱ ተወጠረ፤ መጻሕፍቱ ተደረደሩ። አሁን በእጃቸው እየዳበሱ የሚመዝኑት አቶ ሐብተማርያም ናቸው፤ ሽፋኑን የምታነበው አሳየሽ ናት። ቀለሙንና ሽታውን ተወችው፤ የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ትፈርዳለች። «ይህ ሰውዬ ብዙ ያወራል፣ ይቅር።» «ይቺ ደግሞ ከመጀመሪያው ለቅሶ ነው።» አቶ ሐብተማርያም የሚወዱት አንድ መጽሐፍ ሲጣልባቸው፣ «ኧረ አምስተኛው ገጽ ላይ ይጥማል!» ብለው ይለምናሉ። አንዳንዴ ትሰማቸዋለች።

ስታነብ ቀስ ብላ ነው፤ የምትረግጠውን እያየች ወንዝ እንደምትሻገር ሴት። ስሕተቷን ባሏ አያርሙም። እሜቴ የማርያምወርቅ መጀመሪያ በአጥር በኩል፣ ከዚያ ከበረንዳው ጥግ፣ በመጨረሻ ከአሳየሽ አጠገብ ወንበር ይዘው ማዳመጥ ጀመሩ። ስለ ሚሲዮኑ ግቢ ዳግመኛ አላነሡም።

አንድ ነሐሴ፣ የዳሞታ ተራራ ቀኑን ሙሉ ጭጋግ ተከናንቦ በሚውልበት ጊዜ፣ ለወሩ ከተመረጡት አንዱ አሳየሽ ፊደል ሳታውቅ በቀለሙ ትወደው የነበረው ቀዩ መጽሐፍ ነበር። የአንዲት የጎንደር ነጋዴ ልጅ ታሪክ ነው። እጮኛዋ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ምጽዋ ይወርዳል፤ እሷ ትጠብቀዋለች። አሳየሽ ልጅቱን ወደደቻት። ልጅቱ ስትስቅ አብራት ትስቃለች፤ እንጀራ እናቷ ስትበድላት መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በወላይትኛ ትራገምላታለች። «ቀጥይ እንጂ!» ይላሉ እሜቴ የማርያምወርቅ።

ቶማ ያስለመዳት አንድ ነገር ነበር፤ ጮክ ብላ ከማንበቧ በፊት እንዳትደናቀፍ ገጹን ለብቻዋ ታየዋለች። በፍልሰታ ፍቺ ማግስት ጠዋት፣ አቶ ሐብተማርያም ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፈተች። ልጅቱ ታማለች። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት። ከዚያ አንቀጠቀጣት። ውሃ ውሃ አለች። አሳየሽ የቀረውን ፊደል በፊደል፣ እስከ ታች አነበበችው። ልጅቱ ሞተች። እጮኛዋ የደረሰው ለሰልስቷ ነው።

ያን ቀን ማንበብ መቻሏን ጠላችው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። «ዛሬ ያልቃል» አሉ እሜቴ የማርያምወርቅ፣ እንዝርታቸውን አቁመው። አሳየሽ ጀመረች። ብርዱ ድረስ አነበበች። መንቀጥቀጡ ድረስ አነበበች። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ።

«ምነው?» አሉ አቶ ሐብተማርያም።

«ፊደሉ ደብዝዟል።»

ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ እንደገና ጀመረች። «ከዚያ… ከዚያ አንዲት አሮጊት ከቆላ መጣ። በበቅሎ። መድኃኒት ይዟል። ልጅቷን ቀና አድርጎ አጠጣት። በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደች። ልጅቷም ዓይኑን ገለጠና ‹ራበኝ› አለች። ‹ምን ትበያለሽ?› አሏት። ‹ቦዬ በዳጣ› አለች።»

«ጎንደር ቦዬ ይበቅላል እንዴ?» አሉ እሜቴ የማርያምወርቅ። «እኔ ይህን ሥር የቀመስኩት ወላይታ መጥቼ ነው።»

«ያስጨርሷት፣ እሜቴ» አሉ አቶ ሐብተማርያም።

«ቦዬው ትኩሱን መጣላት። ዳጣው አፍ የሚያቃጥል ነው። በላች። ደገመች። እናቷ ቆሞ ያያል። ከዚያ ልጁ ከምጽዋ መጣና ተጋቡ። አለቀ።» መጽሐፉን ዘጋችው።

«ደገመች?» አሉ አቶ ሐብተማርያም።

«ደገመች።»

«እሰይ» አሉ።

እሜቴ የማርያምወርቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠራርገው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የነጋዴው ልጅ በቆላ መድኃኒት መዳኗን ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ።

ጳጉሜ ገባ። መስከረምን ለመወሰን ብርድ ልብሱ ተነጠፈ፤ አሳየሽ አዳዲሶቹን ከወልደመስቀል ሱቅ አምጥታ ደረደረች። አቶ ሐብተማርያም አልዳበሱም፣ አልመዘኑም። «ቀዩ ይደገም» አሉ።

«አሁን ጨርሰነው?»

«አዎ።»

«አንቱ! ይህ ሁሉ መጽሐፍ እያለ?»

«አሳየሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያንን መጽሐፍ እኔ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልጅቱ ትሞታለች። ያንቺን ግን ገና አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት።»

አሳየሽ አልጋው ጫፍ ላይ፣ መጻሕፍቱ መካከል ተቀመጠች። ብርድ ልብሱ ተጨማደደ፤ ሁለቱም ግድ አላላቸውም። ፊቷ እንደ በርበሬ ነደደ። «አውቀው ነው ያን ጊዜ ዝም ያሉኝ?»

«ምን ልበል? ቦዬ ስትይ ሰገነት መጣችብኝ።»

ስሟ ቤቱ ውስጥ ተሰማ። ከውጭ አንድ ሰው አህያ እየነዳ ያልፋል፤ እስኪያልፍ ሁለቱም ጠበቁ።

«ቦዬ አምጪልኝ አለችኝ» አለች አሳየሽ። «ያን ቀን ጠዋት። ዳጣም አብዢበት አለች። እኔ ቀቅዬ እስክመጣ…»

«አውቃለሁ። አጠገቧ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ አንቱ እንደነበሩ። ግን ለማንም አልነገርኩም። ቦዬውን ምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ አላስታውስም።»

አቶ ሐብተማርያም እጃቸውን በመጻሕፍቱ ላይ እየዳበሱ እጇን ፈልገው አገኙት። ያን ቀን ስለ ሰገነት አወሩ። ሽፋን ስታነብ እንዴት እንደምትንተባተብ፣ ወተት ደፍታ በድመቲቱ እንዴት እንዳሳበበች፣ አባቷ «ዳኛዋ» ማለታቸውን ሰምታ ትምህርት ቤት ሄዳ እንዳወራችባቸው። አለቀሱ፤ መሃል ላይ ደግሞ ሳቁ። መስከረም ሳይወሰን መሸ።

በማግስቱ ተወሰነ፤ ቀዩ ተደገመ። በዚህኛው ንባብ አሮጊቷ ቀድማ ደረሰች፤ ልጅቱም ካገባች በኋላ ሁለት ልጆች ወለደች። እሜቴ የማርያምወርቅ፣ «ባለፈው ይህ አልነበረም!» ብለው ሲሟገቱ፣ አቶ ሐብተማርያም፣ «ነበረ እንጂ፣ እንቅልፍዎ መጥቶ ይሆናል» አሏቸው።

ስድሳ ዓመተ ምሕረት ላይ የዓይን ሐኪም ሻሸመኔ መጥቷል ተባለ። ቶማ ራሱ አውቶብስ ተሳፍሮ አቶ ሐብተማርያምን ይዟቸው ሄደ። ሞራው ከአንዱ ዓይን ተነሣ፤ ሌላው አልሆነም። እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር አድርገው ሲመለሱ አሳየሽ አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ ወጥታ ጠበቀቻቸው። ቀርበው፣ አጎንብሰው፣ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ መረመሩት።

«አርጅተሻል» አሏት።

«አንቱስ!» አለቻቸው። «መነጽርህ ደግሞ አስቀያሚ ነች።» አንተ ማለቷን ያወቀችው ቶማ ወደ ሌላ ዞሮ ሲስቅ ነው።

ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ራስጌያቸው ነው። ላይኛውን መጽሐፍ አንስተው፣ በረንዳ ላይ ወጥተው ከፈቱት። አሳየሽ ተከትላ ወጣችና መጽሐፉን ከእጃቸው ወሰደችው።

«ይሄ የእኔ ነው። ግማሽ ደርሻለሁ።»

«አሁን እኮ አያለሁ!»

«እንኳን አዩ። እግዚአብሔር ይመስገን። ወሩ ግን ተወስኗል፤ የሚቀጥለውን ያኔ እንነጋገራለን።»

ተከራከሩ፤ እሜቴ የማርያምወርቅ በሽማግሌነት ገቡ። እሳቸው የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ ሲሉ ነው። አቶ ሐብተማርያም ለብቻቸው በዝምታ የሚያነቡ ከሆነ ጎረቤት ምን ይሰማል? ስለዚህ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እሳቸው፣ ሁልጊዜም ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ተፈረደ። አሳየሽ ነፃ በሆነችባቸው ቀናት ሚሲዮኑ ግቢ ሄዳ አዲስ ለሚጀምሩት ሴቶች ፊደል ታስጠናለች። ቶማ ሦስቱን ሀ ለሷ ትቶላታል፤ እሷም እጃቸውን ዘርግታ መዳፋቸው ላይ ትጽፍላቸዋለች።

ለሚያዝያ ወር ምርጫ ሲቀመጡ አቶ ሐብተማርያም አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ይዘው አልለቅ አሉ። አሳየሽ መዘነችውና፣ «ይህ ሁሉ ንጉሥ ነው? እኔ አንዱንም አላውቀውም» አለች። እሳቸው ለመኑ፤ አምስተኛው ገጽ ላይ ይጥማል አሉ። እሺ አለቻቸው።

የእሳቸው ቀን ነበርና ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትዘረጋ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የአሳየሽ አንገት ዘንበል አለ። እሜቴ የማርያምወርቅ ሊቀሰቅሷት እጃቸውን ሲዘረጉ አቶ ሐብተማርያም ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሏቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንበባቸውን ቀጠሉ።